«አንድ ሰውዬ» ወይስ «እኔ»?

አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ቲፋኒ ሃዲሽ «ብላክ ሚትዝቫ» የተሰኘውን የመድረክ ቀልዷን በኔትፍሊክስ ያወጣችው በ40ኛ ልደቷ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2019 ነው። ሥራው በአልበምነቱ በ2021 ግራሚ አሸንፏል። በኮሜዲ አልበም ዘርፍ ከእሷ በፊት ያሸነፈች ጥቁር ሴት ሁፒ ጎልድበርግ ብቻ ነበረች፤ እሱም በ1986።

ስያሜው የአይሁድ ልጆች ለአካለ መጠን መድረሳቸው የሚከበርበትን ሥርዓት ያስታውሳል። ኤርትራዊው አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ጥሏት ሄዷል፤ በእሱ በኩል የአይሁድ ዘር እንዳላት ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ስም ከማግኘቷ በፊት በዚሁ የአይሁድ ድግስ ላይ እንግዳ እያስጨፈረች ነበር እንጀራዋን የምትበላው።

የሥራው እምብርት ግን የማያሚው ታሪክ ነው። በ2018 የመጨረሻ ምሽት መድረክ ላይ ቀልዱ ጠፋባት፤ ታዳሚው እየተነሳ ወጣ፤ ወሬውም በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሃዲሽ ያን ውርደት ራሷ አንስታ ትስቅበታለች። ተመልካቹ ሊያነሳባት የሚችለውን ቀድማ ስለተናገረችው፣ ከዚያ በኋላ የምትለውን ሁሉ ያምናታል።

የእኛ መድረክ ከዚህ ይሸሻል። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ጥንድ ሆነው ያሳቁን ዘመን፣ ሳቁ የሚመጣው ከሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ነበር። ያ ጥበብ ነው፤ አላቃልለውም። ከዚያ በኋላ ኮሜዲያኑ ብቻውን ማይክ ይዞ ሲቆም ግን፣ አብዛኛው ጨዋታ አሁንም «አንድ ሰውዬ ነበር» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር ካሉት ካፌዎች በአንዱ አመሻሽ ላይ ጆሮ ጣል ያደረገ ሰው የሚሰማው ተቃራኒውን ነው፦ አከራዩን ፈርቶ አምሽቶ የሚገባው፣ ቀጠሮዋ ላይ ሒሳብ ያጠራት፣ ሁሉም በራሱ ገመና ጓደኞቹን ያስቃል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚያይለው ማይኩ ሲመጣ ነው።

ሃዲሽም እንከን አላት። ስለ ዝናዋና ስለ ገንዘቧ ስታወራ ጨዋታው ወደ ጉራ ያደላል፤ ከአልጋ ወሬው ውስጥም ለማስደንገጥ ብቻ የገባ አለ። ደግሞም ግማሹ ቀልዷ በፊቷና በወገቧ ነው፤ በድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው አዳራሹ ለምን እንደፈነዳ ሳይገባው ያልፋል። ምርጫ ያለው ሰው አልበሙን ትቶ ምስሉን ይመልከት፤ ልጆች ከተኙ በኋላ።