ድግም ቃል በጸጋዬ ገብረ መድኅን ድርሰት

ከአንኮበር ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ በምትገኘው በአሊዩ አምባ ሕፃን ትምህርት የሚዠምረው በመድገም ነው። የቄስ ተማሪው ሀሁን፥ የቁርአን ተማሪው አሊፍ ባን፥ መምህሩ ያለውን እየተቀበለ ደግሞ ደጋግሞ ይላል። በቅኔ ቤት ግን ሕጉ ይለወጣል። በዚያ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ቢገባ፥ ሁለተኛው ሌላ ምሥጢር ይዞ ካልመጣ፥ ባለ ቅኔው ቃል አጥሮታል ይባላል።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔት «ያንኑ ያመላልሳል» ብሎ የሚነቅፍ ቢኖር ነቀፌታው በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ደራሲው በ1960ዎቹ መጨረሻ፥ አብዮቱ ሲፈነዳ፥ «ሀሁ በስድስት ወር»ን አቀረበ። ኋላም «አቡጊዳ ቀይሶ»ን፥ በ1980ዎቹ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ»ን አስከተለ። ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ ፊደሉ ያው ሲሆን ተራው ስለሚለወጥ፥ በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ በዚያ ይጋለጣል። ሦስተኛው ርእስ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ፐ የገበታው መጨረሻ ነውና፥ የፊተኛው ሀሁ ሕዝብ ትምህርት ሲዠምር የተሰማ ድምፅ ከሆነ፥ የኋለኛው ከፍጻሜው ጋራ ተፋጦ የቆመ ነው። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ እንደ ገና ከሀ መነሣት ነው ወይስ በፐ ማለቅ? ሰሙ አንድ ሲሆን ወርቁ ሁለት ሆነ።

«መልእክተ ወዛደር» ግን እንዲህ አይደለም። ከአቡጊዳ በኋላ የሚነበበውን መልእክተ ዮሐንስን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ርእሱ ብቻውን ሲመዘን ልብሱን ተዋሰ እንጂ ምሥጢር አልጨመረም።

የድግሙ ኀይል ይበልጥ የሚታየው በአቡነ ጴጥሮስ ነገር ነው። ብፁዕነታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሰማዕትነትን ተቀበሉ፤ ጸጋዬ የተወለደው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚለውን ስም ለግጥምም ለተውኔትም ሰጠው። በግጥሙ ሰማዕቱ እመ ብርሃንን ይጠራሉ፤ ይወቅሷታል ማለትም ይቻላል፤ ዳግመኛም ይጠሯታል። ይህ ያሰለቻል ለሚል፥ በምሕላ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ሲባል የቆመ ሰው መልስ አለው፤ አርባ አንደኛው እንደ መዠመሪያው አይደለም፥ ጉልበትና ድምፅ ደክመው ልመናው ብቻ ቀርቷልና። የጴጥሮስም ጥሪ በተደገመ ቍጥር የሚሟገቱት ጳጳስ እየራቁ፥ እናቱን የሚጣራ ልጅ ይሰማል።