ካምቢዮ የሚፈታ እጅ

በሞተር ሳይክል ካምቢዮ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቁኝ በማርሾቹ ጎን ላይ የቆሙት አጫጭር ጉጦች ናቸው። ብዙ አሽከርካሪ ማርሽ ሲቀይር አንዱ ጥርስ ከሌላው ተላቅቆ አዲስ ጥርስ የሚነክስ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ጥርሶቹ ከፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ እንደተነካከሱ ናቸው፤ ጥንዶቹ ሁሉ ሁልጊዜ አብረው ይዞራሉ። ከየጥንዱ አንዱ ማርሽ ግን ከዘንጉ ጋር ስላልታሰረ ላዩ ላይ በነጻ ይሽከረከራል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም። በእግራችን ማርሽ ስናስገባ የሚሆነው ይህ ነው፦ አጠገቡ ያለው ማርሽ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ጎን ይንሸራተትና ጉጦቹን ይከትበታል። ያኔ በነጻ ይዞር የነበረው ከዘንጉ ጋር ይታሰራል።

ጉጡን አጥቦ ብርሃን ላይ ላየው ሰው ሌላም ነገር አለ። ጎኑ ቀጥ ያለ አይደለም። ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ቀጠን እንዲል ተደርጎ በጥቂት ዲግሪ ዘመም ብሎ ተቆርጧል። ነዳጅ ሲሰጥ ጭነቱ ራሱ ሁለቱን ማርሾች ይበልጥ ያቀራርባቸዋል፤ ሁለት ሰዎች ጣታቸውን አጥፈው ሲጓተቱ መያያዛቸው እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ይህቺ ዝንባሌ በዓይን የምትታየው በጭንቅ ነው፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ሲያቃስት ማርሹን ይዛ የምታቆየው ግን እሷ ናት። የጉጡ ጠርዝ ተበልቶ ሲከብብ የመያዝ ኃይሉ ያልቃል፤ ማርሹ በጭነት ጊዜ ራሱ እየዘለለ ይወጣል።

በአገራችን በየስሙ ከቻይና የገቡት ባለ 125 ሲሲ ሞተሮች ብዙዎቹ ሥራቸው የተቀዳው ከሆንዳ ሲጂ125 ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው መሐንዲሶቹ በታዳጊ አገሮች ዞረው ሰው ሞተሩን እንዴት እንደሚይዝ ካዩ በኋላ ነበር። ዘይት በወቅቱ አይቀየርም፤ ጭነት ይበዛል። ስለዚህ በሲቢ125 ላይ በካቴና እየዞረ ከላይ ይሠራ የነበረውን ካም ወደ ታች አወረዱት፣ ቫልቮቹም በዘንግ እየተገፉ እንዲከፈቱ አደረጉ። አንዲት የካም ጉብታ ሁለቱንም ቫልቮች ታሠራለች። ከላይ ይህን ያህል ቀለል አድርገው የሠሩ ሰዎች ታች ካምቢዮው ላይ ሲደርሱ ምንም አላጓደሉም፤ ለእኔ የሥራቸው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያከብር እጅ ያየሁት ባሕር ዳር፣ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ነው። ጡረታ የወጡ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። የሠፈራችን ልጅ ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ ያስቸገረውን ሞተር እየገፋ አመጣላቸው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ማርሽ ተበልቷል፤ አዲስ ገዝቼ መጥቻለሁ፣ እሱን እንክተት» አላቸው።

«እንከተዋለን። መጀመሪያ ግን ምን እንደበላው እንይ። ሞተሩ ሲሞቅ ቆመህ ፍሪ ማግኘት ያስቸግርሃል?»

«በጣም እንጂ! አንደኛም ሳስገባ ፍሪሲዮኑን ጨምቄው እያለ ወደፊት ይዘልብኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጣጣው ፍሪሲዮኑ ጋ እንዳለ ያኔውኑ ገብቷቸዋል።

የቀኙን ክዳን ሲፈቱ ቡሎኖቹን ሳፋ ውስጥ አልዘረገፉም። የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥለው፣ በየቦታው ቀዳዳ በስተው፣ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቀዳዳ ሰኩት፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። ፍሪሲዮኑን የያዘው ዳዶ እንደተለመደው ባለ ስድስት ጎን አይደለም፤ አራት ቁርጥ ያለው ክብ ነው። ብዙ ሰው ካቻቪቴ ደግኖ በመዶሻ እየመታ ያዞረዋል፣ ቁርጡም ይደፈጠጣል። እሳቸው ግን አንድ የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ አራት ጥርስ በሞረድ አውጥተው የሠሩት ቁልፍ አላቸው። ጥርሶቹ ቁርጡ ውስጥ ሲገቡ በመካከል ምንም ክፍተት የለም። ማርሾቹ አብረው እንዳይዞሩ ጥርሶቻቸው መካከል አንዲት የመዳብ ቁራጭ ከተቱ፤ መዳብ ስለሚለሰልስ እሱ ይጎዳል እንጂ ጥርሱን አይነካም።

ዋናው ነገር የታየው የፍሪሲዮኑ ቤት ሲወጣ ነው። የቤቱ ጣቶች፣ ማለትም የሸራዎቹ ጆሮ የሚንሸራተትባቸው ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየም ምሰሶዎች፣ ጎናቸው በየሸራው ትክክል ተቦርቡሯል። ጥፍር ሲሄድበት ቀጭ ቀጭ ይላል። እጀታው ሲጨመቅ ሸራዎቹ ተለያይተው መንሸራተት ሲገባቸው ጆሯቸው ቡርቡሩ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለቅም። ሞተሩ ካምቢዮውን መጎተቱን ሳያቆም ማርሽ ሲገባ ደግሞ ጉጥ ከጉጥ እየተላተመ ጠርዙ ይበላል። አዲሱ ማርሽ እንዲሁ ቢገባ ኖሮ ዕድሜው ያው ነበር።

ቡርቡሩ ጥልቅ ቢሆን ቤቱን መለወጥ ግድ ይላል። ይኼኛው ግን ገና ነው። ቤቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሞርሳ ላይ አሰሩና ጠፍጣፋ ልም ሞረድ አነሱ። ሞረዱ የሚቆርጠው ወደፊት ሲሄድ ብቻ ስለሆነ ሲመለስ ያነሱታል። ጥቂት ሞርደው ያቆማሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ሸራ ከተው ያንሸራትታሉ፣ እንደገና ይሞርዳሉ። ከአንዱ ጣት ብዙ ተወስዶ ከሌላው ጥቂት ከቀረ ጭነቱ በአንድ ወገን ይወድቃል፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል ለማድረስ ዞረው ዞረው መጡ። ጋራዥ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ባለበት ይህን ያህል ትዕግሥት ማግኘት ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ቤት ሲሠራ የተሻለ ይወጣል የምለውም ለዚህ ነው።

ሸራዎቹን በካሊፐር ለኩ። የዚህ ዓይነት ሞተር ሸራ አዲስ ሲሆን ወደ 3 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ እነዚህ ብዙም አልሳሱም። በመካከላቸው የሚገቡትን የብረት ሳህኖች ደግሞ አንድ በአንድ መስታወት ላይ እያስተኙ ጠርዛቸውን ተጫኑ። አንደኛው ተንቀጠቀጠ፤ ተጣሞ ስለነበር ተጣለ። ሞላዎቹን ጎን ለጎን አቁመው ቁመታቸውን አስተያዩ፤ ያጠረ አልነበረም።

ከዚያ ማርሾቹ ጋ ለመድረስ ካርተሩን ለሁለት መክፈል ነበረባቸው፤ ይህ የብዙ ሞተር ዕድሜ የሚያጥርበት ቦታ ነው። አልላቀቅ ሲል መገጣጠሚያው ላይ ካቻቪቴ የሚሰነቅር ሰው ዘይት የሚያንጠባጥብ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። እሳቸው በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መቱት፣ አንዱ ወገን ቀድሞ እንዳይነሳም ጠበቁ። ማርሾቹን ከዘንጉ ሲያወጡ በተራቸው ሽቦ ላይ ሰኳቸው፤ በመካከላቸው ያሉት ስስ ሮንዴላዎችም ከነቦታቸው ተሰኩ።

ማርሾቹን የሚይዙት የብረት ቀለበቶች ላይ አንድ ነገር አሳዩኝ። ቀለበቱ በማተሚያ ስለሚቆረጥ አንዱ ፊቱ ጠርዙ ስለታም፣ ሌላው ዶልዶም ነው። ስለታሙ ፊት የሚገባው ማርሹ ከሚገፋበት በተቃራኒ ነው፤ ያኔ በተቆረጠለት መስመር ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተገልብጦ ከገባ ግን ዶልዶሙ ጠርዝ ከመስመሩ ሊሾልክ ይችላል። አንዴ የተከፈተ ቀለበት ውጥረቱን ስለሚያጣ አሮጌዎቹን መልሰው አልተጠቀሙም። ሁለተኛ ማርሽንም ብቻውን አልለወጡም፤ ጉጡ የተበላበትን ጎረቤቱንም ልጁ ሄዶ እንዲገዛ አደረጉ፤ የከበበ ጉጥ አዲሱንም ያከብበዋልና። ማርሹን ወደ ጎን የሚገፋውን ሹካ መስታወቱ ላይ አስተኝተው አዩት፤ አልተጣመመም።

ካርተሩ ከመዘጋቱ በፊት ዘንጉን በአንድ እጃቸው እያዞሩ በሌላው የማርሽ መቀየሪያውን ከበሮ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው አመላለሱት። በከበሮው ላይ የተቆረጡት ጠመዝማዛ መስመሮች ሹካዎቹን በየተራ ሲገፉ በዓይን ይታያል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ባለበት ይቆማል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ማርሽ አስገብተው ካምቢዮውን አይሰብሩትም። ሁለተኛው ሲገባ ጉጡ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ጎንበስ ብለው አዩና ጓርኒሲዮኑን አስተካክለው ዘጉት።

ሸራዎቹን ዘይት አጠጥተው መለሱ፤ ደረቅ ሸራ መጀመሪያ ሲነሳ ይቃጠላል። ለካርተሩ ልጁ የመኪና ዘይት ይዞ መጥቶ ነበር፤ መለሱለት። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለበት በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል። ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት እንዲያመጣ ላኩት። የፍሪሲዮኑን እጀታ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ልል አድርገው አሰሩ፤ ከዚህ ከጠበቀ ይንሸራተታል፣ ከላላ ደግሞ ያው ጉጡን የበላው ጣጣ ይመለሳል።

ልጁ ዳገቱን ወጥቶ ሲመለስ ገና ሳይወርድ ፍሪ አስገብቶ አሳያቸው።

«ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ይዘህ ና» አሉት። «ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰን የብረት ብናኝ መኖሩን እናያለን።»

«እሺ ጋሼ። ሸራውንስ መቼ ልለካው?»

«እሱን ዘይቱን ካየን በኋላ እንነጋገራለን» አሉና የቱቦውን ቁልፍ በጨርቅ እየወለወሉ ወደ ዕቃቸው ሣጥን ሄዱ።