በአቴና የተጠበቀው ባዶ ሥፍራ

ስለ አቴና የሚጻፈው ሁሉ ዘወትር የሚጀምረው ከአክሮፖሊስ ኮረብታ ነው። እኛ ግን ከተማዪቱን በጎበኘን ጊዜ ልባችንን ይዞ ያስቀረው ከኮረብታው በታች፣ ከፓርቴኖን ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ የቆመው አዲሱ ቤተ መዘክር ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ያለንን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን መቆማቸው ብቻውን ጥበብ አይባልም፤ ጥበቡ ሁለቱ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። አቴና ይህን ታውቃለች። ኤርሙ በሚባለው የገበያ ጎዳና መካከል በ11ኛው መቶ ዓመት የታነጸችው የካፕኒካሬያ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ ገበያተኛውም ዕቃውን እንዳንጠለጠለ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያልፋታል፤ አንዳንዱም አማትቦ መንገዱን ይቀጥላል። በ2000 ሥራ በጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር፣ በሲንታግማ ጣቢያ፣ በቁፋሮ የተገኘው መቃብርና የጥንት የውሃ ቧንቧ ከመስተዋት በስተጀርባ ይታያል።

ቤተ መዘክሩ በስዊስ ተወላጁ ንድፍ አውጪ በበርናር ቹሚ ዕቅድ ተሠርቶ የተመረቀው በ2009 ነው። በመሬቱ ውስጥ የጥንት መንደር ፍርስራሽ ስለ ተገኘ፣ ሕንፃው በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ወለሉም በከፊል መስተዋት ሆኗል፤ ጎብኚው ከእግሩ በታች የጥንት ሰዎችን ቤትና ጉድጓድ እያየ ይራመዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የላይኛው ፎቅ ነው። ከበታቾቹ ፎቆች ዞር ብሎ የፓርቴኖንን አቅጣጫ ይከተላል። ቤተ መቅደሱን እንደ መቀነት ከብቦት የነበረው፣ ርዝመቱ 160 ሜትር የሆነው የድንጋይ ቅርጽ በጥንት ቅደም ተከተሉ ተደርድሮበታል። ነገር ግን ብዙው ክፍል እውነተኛው አይደለም። በቱርክ መንግሥት ዘንድ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ከ1801 ጀምሮ አስነቅሎ ያስጫነውን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1816 ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጥቶታል። ስለዚህ የጎደለው በጀሶ ተተክቷል። እውነተኛው እብነ በረድ በዘመን ብዛት የማር መልክ ይዟል፤ ጀሶው ግን እንደ ከፈን ነጭ ነው። ኤሬክቴዮን የተባለውን ቤተ መቅደስ ይሸከሙ ከነበሩት ስድስት የሴት ምስሎችም አምስቱ እዚህ ሲቆሙ፣ ወደ ለንደን የተወሰደችው የስድስተኛዪቱ ሥፍራ ባዶውን ቀርቷል።

ጀሶውን ማር አስመስሎ መቀባት አያቅትም ነበር። ያለማድረጋቸውን እናመሰግናለን፤ ሥራው ጉድለቱን ሳይደብቅ በማሳየቱ እውነተኛ ሆኗልና።

ይሁን እንጂ ነቀፌታ የለንም ማለት አይደለም። ሕንፃው ለጎረቤቶቹ ከባድ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ሁለት አሮጌ ቤቶችም ወደ ኮረብታው የሚወስደውን ዕይታ ይጋርዳሉ ተብለው ከመፍረስ የዳኑት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የትረካው ጠባብነት ነው። ፓርቴኖን ለብዙ መቶ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ነበር፤ በኮረብታው ላይ የነበረውንም የፍራንኮች ግንብ ግሪኮች ራሳቸው በ1875 አፍርሰውታል። ሌላው የነቀለውን የሚጠይቅ ሕዝብ፣ የራሱ እጅ የነቀለውንም በዚያው ድምፅ ሊናገር ይገባው ነበር።

ይህን ስንል ከዳር ቆመን አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት የሚገኙት በዚያው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በ1937 ወደ ሮማ የተጋዘው የአክሱም ሐውልት ግን በ2005 ተመልሶ በ2008 በሥፍራው ቆሟል። ግሪኮችም በ2023 ሦስት ቁራጮች ከቫቲካን ተመልሰውላቸዋል፤ ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ የተመለሰውን ይዘው የቀረውን ይጠይቃሉ።

«ማኖሪያ ስለሌላችሁ አንመልስም» ለሚለው አሮጌ ምክንያት አቴና የመለሰችው በቃል ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ሠርታ፣ ሥፍራውን ለክታ፣ ባዶውን ጠብቃ ነው። ንብረታቸው በሰው አገር ላለባቸው ሁሉ ከዚህ የሚማሩት አለ።