ከጋቢ እስከ በርጩማ

ሊምፎማ የተባለው ካንሰር የያዘው ሰው ኬሞ ሲጀምር ቀድሞ የሚከዳው ጭኑ ነው። የፀጉሩን መርገፍ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። ከመጸዳጃ ቤት ለመነሳት ግድግዳ መያዝ መጀመሩን ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አፍሮም አይናገረውም። አዳማ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ አዲስ ታካሚን ገና ሳልጠይቀው የማሠራው አንድ ነገር ነው፦ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር ይነሳል፣ ይቀመጣል። በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደቻለ እጽፋለሁ።

ድክመቱ ከበሽታው ብቻ አይመጣም። ለብዙዎቹ የሚታዘዘው ቾፕ የተባለው ሕክምና አራት መድኃኒቶች ያሉት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ከአራቱ አንዱ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በከፍተኛ መጠን ለ5 ቀን ይዋጣል፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ የዳሌንና የጭንን ጡንቻ ግን ያሳሳል። ቪንክሪስቲን ደግሞ ነርቭ ይነካል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ እግር ከምንጣፍ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል ትንፋሽ ካጠረ ወይም እግር ካበጠ እንቅስቃሴው ቆሞ ሐኪም ይታያል።

በዚህ ሁሉ ላይ መኝታ ይጨመርበታል። በእኛ ዘንድ የታመመን ማስተኛት ፍቅር ነው፤ ውኃ ይቀርብለታል፣ ጫማው ይጠለቅለታል፣ ሊነሳ ሲል «ኧረ አርፈህ ተኛ» ይባላል። ፍቅሩን አከብራለሁ፤ ግን ተኝቶ የሚውል ጡንቻ ጤነኛ ሰው ላይም ይከሳል፣ ኬሞ የሚወስድ ሰው ላይማ ይብሳል።

አንዱ ታካሚዬ የመቂ ሽንኩርት ገበሬ ነበር፤ በደህናው ጊዜ ኩንታል የሚሸከም ሰው። መጀመሪያ ሲመጣ ከወንበር መነሳት ስላቃተው ሁለት ጋቢ አጣጥፌ መቀመጫው ላይ አነጠፍኩለት። መቀመጫ ከፍ ሲል መነሳት ይቀላል። ከዚያ ከፍታ 8 ጊዜ በደንብ ሲነሳ አንዱን ጋቢ አወጣሁ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ በመጨረሻ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ክብደት ማንሳት ሲባል ሰው ብረት ያስባል፤ ለጭን ግን የመጀመሪያው ክብደት የራስ ሰውነት ነው። ለክንድ ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ ግማሽ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ባለሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ። ካኑላ የገባበት ክንድ ግን ያርፋል።

ትንፋሽ ይዞ መግፋትን አጥብቄ እከለክላለሁ፣ በተለይ ጣፊያው ላበጠ ሰው። ስለዚህ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አደርጋለሁ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። ገበሬው በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» ሲል ሚስቱም አብራ ትቆጥር ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው መጠኑን ከኬሞው ዙር ጋር ማስማማት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ ስለሚኖር ጥቂት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ በቂ ነው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል ዝቅ ስለሚል ጂምና የተጨናነቀ ታክሲ አይሆንም፤ በቤት፣ በታጠበ እጅ ይሠራል። ጭነት የምጨምረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከ50,000 በታች ከሆነ ክብደት አላስነሳም። ትኩሳት 38 ከደረሰ ስፖርት ሳይሆን ሆስፒታል፣ ያውም በዚያው ሰዓት፤ ሌሊትም ቢሆን። አዳማ እኩለ ቀን ላይ ስለምታቃጥል፣ ያስመለሰው ሰው ደግሞ ውኃ ስለሚያጥረው፣ ሁልጊዜ ጠዋት እንሠራለን። ከባቱ ወይም ከመቂ ለሕክምና አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ታካሚ በማግስቱ ያርፋል፤ መንገዱ ራሱ ሥራ ነው።

ምግብም አለ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም፤ ጾም የሚይዝ ሰው ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ያብዛ፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይማከር። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ኬሞው እስኪያልቅ ይቅር።

«ጉልበቱን ኬሞው እንዲጠቀምበት አይሻልም?» ይሉኛል። በካናዳ አልበርታ 122 የሊምፎማ ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ፤ ከፊሎቹ ኬሞ ላይ ነበሩ። 12 ሳምንት ከቦታው በማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት የሠሩት የሰውነት ብቃታቸው ተሻሽሏል፣ ሕክምናቸውም አልተሰናከለም። ያ ብስክሌት እንጂ ክብደት አልነበረም። ክብደት የተፈተነው በዋናነት በጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ክብደት ያነሱት የታዘዘላቸውን ኬሞ ከሌሎቹ በተሻለ መጠን ጨርሰዋል። ለሊምፎማም ያው ውጤት ይገኛል ብዬ አልምልም፤ ጭኑ የጠነከረ ሰው ሳይወድቅ መጸዳጃ ቤት እንደሚደርስ ግን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ለቀጣዩ ዙር ስትሄዱ የደም ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪሙን «ዛሬ ክብደት ማንሳት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይችላል ካላችሁ፣ ሲነሳ ክንዱን አትጎትቱ፤ ከጎኑ ቁሙና አብራችሁት ቁጠሩ።