ሽፈራው በደሴ ብርድ

የሽፈራው ዛፍ ደሴ ላይ ይበቅላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ይበቅላል፤ ደጅ መሬት ላይ ከተተከለ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አያሳድገውም። የዛፉ አገር ኮንሶና ጋሞ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ መትከልም ይሞከራል። ደሴ ፒያሳ ላለን ሰዎች የሚያዋጣው ዕቃ ላይ ማብቀል ነው፤ ዕቃ ፀሐይ ወዳለበት ይጎተታል፣ ሲመሽ ቤት ይገባል።

ዘር ስገዛ አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ እንደተለቀመ ነው፤ የከረመ ዘር አብዛኛው አይበቅልም። አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብሬ፣ ሚያዝያ ላይ እዘራዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ጉልበት ያገኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ላይ ነው። ቡቃያው ገና ስንዝር ሳይሞላ ከታች ካሮት የመሰለ ወፍራም ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዕቃው ጎድጓዳ ካልሆነ ሥሩ ይጠማዘዛል፤ በኋላ ነቅለው ሲያዛውሩትም ይሰበራል። እኔ አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እመርጣለሁ፤ ቂጡን በጋለ ብረት እበሳና እዚያው ዘርቼ እዚያው አሳድገዋለሁ። አፈሩ ግማሽ ያህሉ አሸዋ ይሁን፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግም ይጨመርበት።

ከዚያ በኋላ ሙያው ውኃ መከልከል ነው። ሽፈራው ጥማት ይችላል፤ እርጥብ ብርድ ግን አይችልም። ላዩ የደረቀ አፈር ያታልላል፤ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከትቼ እርጥበት ካገኘሁ አላጠጣም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከዝናቡ አንስቼ በረንዳ ጥግ አስጠጋዋለሁ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከለሰለሰና ከጠቆረ ችግኙ አይድንም፤ ስለዚህ በየጊዜው ያንን ቦታ አያለሁ።

ጉልበት ድረስ ሲያድግ ጫፉን በጥፍሬ እቆርጠዋለሁ፤ ያኔ ጎን ለጎን ያቆጠቁጣል። ዕቃ ውስጥ ያለ ሽፈራው ለቅጠሉ እንጂ ለጥላው አይያዝም። ኮንሶዎች ቅጠሉን ቀቅለው ኩርኩፋ ከተባለው ምግባቸው ጋር ይበሉታል፤ እኛም በሽንኩርትና በቃሪያ ሠርተን በእንጀራ እንበላዋለን።

ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ እንጨት ሲሆን ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ ውኃውን ቀንሱና መጋቢትን ጠብቁ።