ሐውልቱ አኖሌ፣ መጽሐፉ ላይደን

የአርሲ ታሪክ ጸሐፊ አላጣም፤ ያጣው የተጻፈውን ወደ ባለቤቱ ደጅ የሚያደርስ አሳታሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በሄጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ። በዚያው ዓመት የዶክተር አባስ ሐጂ ገናሞ ሰፊ መጽሐፍ፣ የአርሲ ኦሮሞን ታሪክ ከ1880 እስከ 1974 ተከትሎ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሆላንዱ ብሪል ታተመ።

ከሁሩታ የተነሣ ሰው ሐውልቱን ሄዶ ያየዋል። መጽሐፉን ግን ዋጋውም ቋንቋውም ያርቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1886 አኖሌ ላይ ስለ ደረሰው ነገር የሚደረገው ክርክር የጦፈውን ያህል ያልጠራው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሐውልት ሐዘንን ያቆማል እንጂ ማስረጃን ከማስረጃ አያመዛዝንም። ዶክተር አባስ ግን በጦርነቱ ሳይወሰኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን የመሬት ሥሪትና የገባሩን ኑሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ይመረምራሉ። ለሁሩታ ገበሬ ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይኸው ክፍል ነበር።

የኦሮሚያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው፣ አምስት ጸሐፍት የደከሙበት የኦሮሞ ታሪክ መጽሐፍ ምስጋና ይገባዋል። ክልሉ ታሪኩን በራሱ እጅ ማሳተም እንደሚችል አሳይቷልና። ይሁንና መጽሐፉ፣ ርእሱ እንደሚለው፣ ዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ይቆማል። ከዚያ እስከ አኖሌ ገና ሦስት መቶ ዓመት አለ።

«በአውራጃ ከተማ ማን ያሳትማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ስለ አካባቢው ሰብልና ከብት ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ጥናቶች በተከታታይ ያወጣ ነበር፤ እነሱም በእንግሊዝኛ። እንግዲህ ለስንዴው የተቻለው ለሰዉ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያስፈልገው ሌላ ወፍራም ጥራዝ አይደለም። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የምትወጣ፣ በሻይ ዋጋ የምትገዛ፣ የሽማግሌዎችን ቃል ከነተናጋሪው ስምና ከነቀበሌው መዝግባ የምታትም ትንሽ መጽሔትና እሷን የሚይዝ የታሪክ ማኅበር ነው። የእንዲህ ያለ ማኅበር መመዘኛው ያሳተመው መጽሐፍ ብዛት አይሆንም። አንድ የሁሩታ አንባቢ ተነሥቶ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል፤ እኔ ከአባቴ የሰማሁት ሌላ ነው» ሲል፣ ቃሉ በሚቀጥለው እትም መውጣቱ ነው። ላይደን ለታተመ መጽሐፍ እንዲህ ብሎ የሚመልስ የሁሩታ ሰው የለም፤ አላነበበውምና።