ስም የሌለው ፉከራ፦ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና የጎጃም ለቅሶ

የሐዘን ሙዚቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወደ ትዝታ እንሮጣለን። እኔ ሽለላን አስቀድማለሁ። በደብረ ማርቆስና በቢቸና ዙሪያ በድሮው ወግ የተከበረ አርበኛ ሲሞት ለቅሶው በሙሾ ብቻ አያበቃም። ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ አደባባይ ይወጣል፤ ወንዱ እየተነሣ ይፎክራል፣ ቋሚው ይቀበላል። ጆሮ የሚሰማው ቁጣ ነው፤ ጉሮሮውን የሚያንቀጠቅጠው ግን እንባ ነው።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ሰው ነው፤ ያንን ጉሮሮ ግን ጎጃሜ ሁሉ ያውቀዋል። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲጫወት ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን አሻገረው። የውጭ ጸሐፊዎች ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ማወዳደር ይቀናቸዋል። ያ ረጅም፣ የሚርገበገብ ትንፋሽ ከጃዝ ቤት ይልቅ ለለቅሶ አደባባይ ይቀርባል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው አምስተርዳም ተጋበዘ። ቀጣዩን አልበሙን እንዲያጅቡት የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው፤ አውሮፓውያን አንድ ሽማግሌ «አገኙ» እየተባለ ሲወራ ይህ ይዘነጋል። «ሞአ አንበሳ» በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ «ቼ በለው ሽለላ» የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ዘ ኤክስ የሚመደብበት ፖስት ፐንክ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የማንቸስተሩ ጆይ ዲቪዥን ነው፤ ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በ1980 እ.ኤ.አ. በ23 ዓመቱ ከሞተ በኋላ የወጣው «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት» የዘውጉ ዋና የሐዘን ዜማ ሆኗል። የብቸኛ ሰው ሐዘን ነው፤ ተቀባይ የለውም። በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዘ ኤክስ ግን ባዶ ቤት ሰብረው ይኖሩ ከነበሩ የአምስተርዳም ወጣቶች መንደር የወጣ ነው፤ ሐዘኑም በቡድን የሚጮህ፣ ቁጣ ያለበት ነው። ሳክስፎኑ ሲያቅራራ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር አንዲት ሐረግ በጊታር እየደጋገሙ ይመቱለታል፤ ካትሪና ቦርንፌልድ በከበሮ ትከተላለች። ተቀባይ ማለት ይኸው ነው።

የጎደለ ነገር ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሽለላ ስም ይጠራል፦ የሟቹን፣ የአባቱን፣ የገደለውን፣ የጠመንጃውን። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው አርበኛ በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ እስከ ዛሬ የሚፎከርለት በስሙ ነው። ሳክስፎን ስም አይጠራም። ቃሉ በመቅረቱ ባዕድ ሊገባበት ቻለ፤ የቢቸና ሰው ግን «ለማን ነው?» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ ግምት ሥራው ታላቅ ነው፤ የሽለላ ግማሽ ነው።

ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ። አልበሞቹ በየትም ይገኛሉ። ውርሱን የሚያጠና ተመራማሪ መቅረጫውን ይዞ ወደ ጎጃም ለቅሶ ቤቶች ይውረድ፤ የፉካሪውን ግጥም፣ የሚጠሩትን ስሞችና የተቀባዩን ድምፅ አብሮ ይቅረጽ።